የሰሊጥ አጫጁ ልጅ የማን ልጅ ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተጀመረው በቀልድ ነው። አንዱ ጓደኛችን፥ «ፖሊዮ ከአፍሪካ ጠፋ ተብሎ በደስታ ከታወጀ ስንት ጊዜው ነው፤ ዛሬም ግን ሁለት ጠብታ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፥ «ገንዘቡ የውጭ ነው፤ ገንዘቡ እስካለ ዘመቻው አያልቅም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፥ ይኸውም ከሁላችን ይልቅ ያነበበ የሚመስለው፥ «ለሕዝቡ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሳይሰጡ ጠብታ ማጠጣት ቁስሉን ትቶ ዝንቡን ማባረር ነው» ብሎ ክርክሩን ዘጋ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በመተማ ቆላ ያየሁት አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ይህን የምጽፈው ለሦስቱ ጓደኞቼ መልስ ለመስጠት ነው። ይሁን እንጂ መልሱ እነርሱን ብቻ ሳይሆን፥ መዝገብ ይዘው በወንበር የተቀመጡትን ጭምር ይነካል። ቢነካም ይንካ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ በአብዛኛው ከዓይነ ምድር ወደ አፍ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ወደ ነርቭ ከዘለቀ ጡንቻን የሚያዝዘውን ሕዋስ ይገድላል። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሕፃናት ውስጥ በማይድን ሽባነት የሚመታው አንድ ያህል ብቻ ነው። ሽባ ከሆኑት መቶ ውስጥ ደግሞ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚዝል ይሞታሉ። የሚያድን መድኃኒት የለውም። የቀሩት 199 ሕፃናት እንደ ጤነኛ ይሮጣሉ፤ ይጫወታሉ፤ ቫይረሱን ግን ለሳምንታት ይዘራሉ።

እንግዲህ ወንድሜ ልብ በል! አንድ ልጅ ማታ ደህና ተኝቶ ጧት እግሩ ሲዝል፥ እርሱ የመጀመሪያው በሽተኛ አይደለም፤ የሁለት መቶው ምስክር ነው። «ሽባ ልጅ አላየሁም፤ ስለዚህ ፖሊዮ የለም» ማለት፥ ቤቱ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ ነበልባሉ ጣራውን እስኪበሳ ድረስ ተቀምጦ እንደ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ምን ይባላል? አባቶቻችን ስም አውጥተውለታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ጠፍቷል» ለሚለው ጓደኛዬ እውነቱን አልክደውም። በ1980 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ይህን በሽታ ከምድር ለማጥፋት ሲወስን፥ በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናት በዓለም ላይ ሽባ ይሆኑ ነበር። ከሦስቱ የዱር ቫይረስ ዓይነቶች ሁለተኛው በመስከረም 2008፥ ሦስተኛው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጥፋታቸው ተረጋግጧል። አንደኛው ዓይነት መሠረቱን ይዞ የቀረው በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ነው። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ክልል ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ ታወጀ። ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው፤ ባርኔጣ የሚያስነሣ ሥራ ነው።

ነገር ግን ጓደኛዬ የዘነጋው አንድ ታሪክ አለ። እኛ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ነፃ ወጥተን ነበር። የአገራችን የራሷ የዱር ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በጥር 1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ሰላም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከእኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቀው በሰሜን ናይጄሪያ፥ በካኖ፥ «ክትባቱ ያመክናል» የሚል ወሬ ተነዛና ክትባት ታገደ። እገዳው አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ቫይረሱ ግን እገዳ አልነበረበትም፤ መንገዱን ያዘ። ቻድን አቋርጦ በ1996 ዓ.ም. ዳርፉር ገባ። በሱዳን ከመቶ በላይ ሕፃናትን ሽባ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የእኛን ድንበር ተሻገረ፤ በትግራይ፥ በአማራና በኦሮሚያ ሕፃናትን መታ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሃያ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ካኖን በስም እንኳ ሳያውቁ በካኖ ወሬ እግራቸውን አጡ።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። የካኖ ሰዎች እገዳውን ያነሡት ክትባቱ እስላም ከሚበዛባት ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣላቸው ከተደረገ በኋላ ነበር። ከናይጄሪያ የወጣው ያው ቫይረስ ግን ዞሮ ዞሮ በ1997 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ገባና በዚያች አገር ሦስት መቶ ያህል ሕፃናትን ሽባ አደረገ። መድኃኒቱን ለላከው በሽታውን መለሱለት!

ከዚያም ወዲህ አላረፍንም። በ2000 ዓ.ም. በጋምቤላ በኩል ገባ። በ2005 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በዶሎ ገባና ዐሥር ሕፃናትን መታ፤ ከእነርሱ የመጨረሻው የታመመው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ነው። ሰሜኑን፥ ምዕራቡን፥ ምሥራቁን ተመልከቱ። ቫይረሱ አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን ወርዶ በቀይ ምንጣፍ አልገባም። የገባው በእግር፥ በግመል፥ በጭነት መኪና፥ መንግሥት በማያያቸው ሰዎች ጀርባ፥ መንግሥት በማይቆጥረው መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ላንሣ፤ ካልተነሣ ጽሑፌ ሐቀኛ አይሆንምና። «ክትባቱ ራሱ ፖሊዮ ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ሰው አለ። መሸፋፈን አያስፈልግም። የጠብታው ክትባት የሚሠራው ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በደንብ በተከተበ ሕዝብ መካከል ይህ የተዳከመ ቫይረስ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ያልተከተቡ ሕፃናት በበዙበት አገር ግን ከልጅ ወደ ልጅ ለወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሲተላለፍ ይለወጥና የቀድሞ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ይህ ሐሰት አይደለም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ ክልል ነፃ ወጣ ተብሎ ደስታ በተደረገበት በዚያው ወር፥ ጎረቤታችን ሱዳን እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ነበረባት። በእኛም አገር ይኸው ዓይነት በ2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ተገኝቷል፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ታይቷል። በየካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመከተብ በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመቻ የተከፈተው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው ፍርድ ምንድን ነው? «እንግዲያው አንከተብ» ነውን? አይደለም! ቫይረሱን ያበረታው ክትባቱ መሰጠቱ ሳይሆን ለግማሹ ተሰጥቶ ግማሹ መተዉ ነው። ሊቃውንቱ በበኩላቸው ተግተዋል፤ በቀላሉ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ የማይመለስ አዲስ የሁለተኛው ዓይነት ጠብታ ሠርተው ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውለውታል። ሊቃውንቱ ስሕተታቸውን ሲያርሙ እኛ የቀረብን እርማት አንድ ነው፤ የተዉትን ግማሽ መቁጠር። ይህ ግማሽ ማን ነው? የት ነው የሚያድረው? ወደ መተማ ልውሰዳችሁ።

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ ሲዋጉ ቆስለው ካለፉት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ስለ ድንበር ክብር ለመናገር ስንፈልግ ይህን ቀን እንጠራለን፤ ደረታችንንም እንነፋለን። መልካም። ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን የሰጡለት ድንበር ዛሬ በጤና ረገድ ማን ይጠብቀዋል? ከመተማ ወዲያ፥ ፈፋውን በትንሽ ድልድይ ተሻግሮ፥ ጋላባት አለች፤ ሱዳን ናት። ሰው በአንድ ጥሪ የሚሰማማበት ርቀት ነው። ነገር ግን በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል መተማ የአፍሪካ ክልል ናት፤ ወሬዋ ብራዛቪል ይደርሳል። ጋላባት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ክልል ናት፤ ወሬዋ ካይሮ ይደርሳል። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ነፃ የወጣው የድልድዩ ወዲህኛው ጫፍ ነበር ማለት ነው! ፈፋው ውስጥ ውኃ የሚጠጣው ፍየልና ፍየሏን የሚከተለው ልጅ ግን ይህን ካርታ አላዩትም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚህች ድልድይ ስንቱ ሕፃን ተሻገረ! በኩመርና በአውላላ የስደተኛ ጣቢያዎች የነበሩት ሱዳናውያን እናቶች ያዩትን መከራ፥ ኮሌራውንም ዘረፋውንም፥ ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። በሱዳን የሆስፒታሉ በር ሲዘጋ፥ የክትባት ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ፥ ያልተከተበው ልጅ ቁጥር በወዲያ ማዶ ብቻ የሚያድግ የሚመስለው ሰው የዳርፉርን ታሪክ አላነበበም።

ከድልድዩ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሕዝብ አለ። ከሐምሌ የአረም ወራት እስከ ኅዳር የአጨዳ መጨረሻ ድረስ ከበለሳ፥ ከጋይንት፥ ከጎጃም፥ ከወሎ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ለሰሊጥና ለጥጥ ወደ መተማ፥ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። ሰሊጡ አገር ጥሎ ይሄዳል፤ ዶላር ሆኖ ይመለሳል። ሠራተኛው ግን ወባና ካላዛር ተሸክሞ ወደ ደጋው ይመለሳል፤ አንዳንዱም «ሳሉግ» ተብሎ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር እዚያው ይቀራል። ሰሊጡ በኩንታል ይቆጠራል። ሠራተኛው በማን ይቆጠራል?

ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝን ነገር እነሆ። ባለፈው የአጨዳ ወራት ከገንዳ ውኃ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእርሻ ካምፕ ደርሼ ነበር። በሸራና በሰሊጥ አገዳ በተሠራ ዳስ ሥር አንዲት ሴት ለሠላሳ ያህል አጫጆች እንጀራ ትጋግራለች። ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠገቧ አፈር ላይ ይጫወታል። በዚያው ሳምንት በከተማው የክትባት ዘመቻ ነበር።

«እኅቴ፥ ይህ ልጅ ጠብታውን ወስዷል?» አልኋት።

«በአገሬ ሳለሁ አንድ ጊዜ ሰጥተውታል፤ ወዲህ ከወረድሁ የጠየቀኝ የለም» አለች።

«ሰሞኑን በከተማው ሲሰጡ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ወንድሜ። ለወፍጮ ብሄድ በየበሩ በጠመኔ ጽፈው አየሁ። እኛ በር የለን፤ ምኑ ላይ ይጻፉልን?»

ይህ ቃል እንደ እሾኽ ተተክሎብኛል። እንደምታውቁት ከታቢዎቹ ቤት ሲጨርሱ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፤ የተከተበውን ልጅ ደግሞ የግራ እጁን ትንሽ ጣት በቀለም ይነኩታል። በር ያለው ሰው ይቆጠራል። በር የሌለው አይቆጠርም። ቫይረሱ ግን በር አይፈልግም።

የልጁን ጣት አየሁ፤ አፈር እንጂ ቀለም አልነበረበትም።

እንግዲህ ወደ መዝገብ ያዦቹ ልምጣ። ከየዘመቻው በኋላ የሚወጣውን ሪፖርት አንብቡ፤ «ከዕቅዱ 98 በመቶ»፥ «102 በመቶ»፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይላል። ከመቶ ሕፃናት መቶ ሁለቱ እንዴት ይከተባሉ? ምሥጢሩ ቀላል ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በስሌት የተገመተ ነው። ለምሳሌ አንድ ቀበሌ በግምት 1,000 ሕፃናት አሉበት እንበል፤ በእውነት ግን ስደተኛውና ሠራተኛው ተጨምሮ 1,400 ይሆናሉ። ከታቢዎቹ 1,020ውን ከተቡ። ሪፖርቱ 102 በመቶ ይላል፤ ይጨበጨባል፤ 380 ሕፃናት ግን አልተከተቡም። 380 ሕፃናት ለቫይረሱ መንገድ ሳይሆኑ አውራ ጎዳና ናቸው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፥ ወረቀቱ ከመቶ በላይ ካለ በኋላ ማን ወደ እርሻው ካምፕ ይሄዳል?

ቤት ለቤት ተጠይቆ የተጠናው ግን ሌላ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 16 በመቶው አንዳችም ክትባት አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በገመቱት መሠረት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 አንድ ክትባት እንኳ ያልጀመሩ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከ900,000 በላይ ነበሩ። ይህን ቁጥር ከ102 በመቶው ሪፖርት ጎን አስቀምጡትና የትኛው እንደሚዋሽ ራሳችሁ ፍረዱ።

ጥፋቱን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ የሚጭን ሰው ካለ አልስማማም፤ ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። እርሷ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ ተሸክማ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት በእግሯ የምትሄድ ናት። ጠብታው ሙቀት አይወድም፤ በጠርሙሱ ላይ ያለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ጠቁራ ከከበባት ክብ ጋር ከተመሳሰለች ክትባቱ ተበላሽቷልና ይጣላል። በረዶው ሳይቀልጥ እርሻው ካምፕ መድረስ ያለባት ሴት መኪና የላትም፤ የካምፖቹ ዝርዝርም አልተሰጣትም። ዝርዝሩ ግን አለ። መሬቱን ለባለ ሀብቱ ያከራየው ቢሮ እያንዳንዱን ሄክታር ያውቃል፤ ግብር ሲሰበሰብ የማይገኝ እርሻ የለም። ለግብር የሚታወቅ እርሻ ለክትባት ለምን ይጠፋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛዬ። «የውጭ ገንዘብ ነው፤ ተንኮል አለው» ላልኸው። ጥርጣሬ ሁሉ ከድንቁርና የሚመጣ ነው ብዬ አልሰድብህም። በ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ሲያፈላልግ በፓኪስታን በአቦታባድ የውሸት የክትባት ሥራ አስከፍቶ ነበር። ይህ አሳፋሪ ሥራ ነው፤ ዋጋውንም የከፈሉት ሰላዮቹ ሳይሆኑ፥ ከዚያ በኋላ በጥይት የተገደሉት የፓኪስታን ሴቶች ከታቢዎች ናቸው። ነገር ግን ሰላይ የሐኪም ካባ ለበሰ ተብሎ ሕክምናን መጥላት፥ ሌባ ቄስ መስሎ ገባ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን እንደ ማፍረስ ነው። «ያመክናል» የሚለውን ወሬ ደግሞ አገራችን ራሷ መልሳለታለች። መደበኛ የክትባት ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42 ሚሊዮን ያህል ነበርን፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደምንሆን ይገመታል። ይህ የመከነ ሕዝብ ነውን?

የውጭ ገንዘብ የሚያሳስብህ ከሆነ እኔንም ያሳስበኛል፤ ነገር ግን በሌላ ምክንያት። ረጂዎቹ በእነዚህ ዓመታት እጃቸውን እየሰበሰቡ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ የተፈረመ አንድ ወረቀት በቋራ ያለ ልጅ ጠብታ እንዲያገኝ ወይም እንዲያጣ መወሰን የለበትም። እንግዲያው መፈክራችን «የውጭ ነውና ይቅር» አይሁን፤ «የእኛ ነውና በራሳችን በጀት ይሠራ» ይሁን።

ሦስተኛው ጓደኛዬ ሆይ፥ «ውኃ ይቅደም» ያልኸው አነጋገርህ ያምራል፤ እኔም ውኃው እንዲመጣ እጮኻለሁ። ውኃ ኮሌራን ይከለክላል፤ ተቅማጥን ይከለክላል። ፖሊዮን ግን ብቻውን አይከለክልም። በ1944 ዓ.ም. የቧንቧ ውኃ፥ የፍሳሽ መስመርና ሆስፒታል የሞላባት አሜሪካ 58,000 ያህል የፖሊዮ በሽተኞች መዝግባለች። በ39 ዓመታቸው ሽባ ያደረጋቸው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተወለዱት ከጎጆ አልነበረም። በንጹሕ አገር ልጆች ቫይረሱን የሚያገኙት ከእናታቸው የወረሱት መከላከያ ካለቀ በኋላ፥ ዘግይተው ስለ ነበረ፥ ወረርሽኙ እንዲያውም ይበረታ ነበር። ያንን ያስቆመው ክትባት ነው። «ይህ ይቅደም፤ ያ ይቅደም» እያልን በመኝታ ቤት ስንከራከር ሁለቱም ሳይመጡ የሚያድግ ልጅ አለ። ለእኛ የአሳብ ክርክር ነው፤ ለእርሱ እግሩ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? እንደ ማኅበር የምንጠይቀውን በግልጽ ልናገር።

አንደኛ፤ በመተማ ድልድይ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ የክትባት ጣቢያ ይቁም። ወደዚህም ወደዚያም የሚሻገር ሕፃን ሁሉ ጠብታውን ይውሰድ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ድንበር በቶርከምና በቻማን ተሠርቶበታል።

ሁለተኛ፤ መሬት የተከራየ ባለ ሀብት ሁሉ በሐምሌና በመስከረም የካምፑን ቦታና የሕፃናቱን ቁጥር ለጤና ጣቢያ ያስታውቅ ዘንድ ግዴታ ይሁንበት። ሰሊጡን ለማጨድ ሰው የሚያመጣ ሰው፥ የመጣው ሰው ልጅ እንዳለው አላውቅም ሊል አይችልም።

ሦስተኛ፤ ከዘመቻ በኋላ የሚቆጥረው ሰው ከዘመተው የተለየ ይሁን፤ ቆጠራውንም ከከተማው አስፋልት ሳይሆን ከመጨረሻው ካምፕ፥ ከጉሙዝ መንደር፥ ከስደተኛው ድንኳን ይጀምር። በር ሳይሆን ጣት ይቁጠር።

አራተኛ፤ ዘመቻ መደበኛውን ክትባት አይተካም። ልጅ ሲወለድ፥ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ጠብታ፥ ከእርሱም ጋር የሚሰጠው መርፌ፥ በቆላው ጤና ኬላ ሁሉ ሳይቋረጥ ይሰጥ።

አምስተኛ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ ጤና ጣቢያን ባዶ አድርጓል፤ መንገድን ዘግቷል። ማን ትክክል ነው የሚለውን ዛሬ አልፈርድም። ነገር ግን መሣሪያ የያዘ ወገን ሁሉ ለክትባት ቀኖች ተኩስ ያቁም። አይቻልም እንዳትሉኝ። በኤል ሳልቫዶር በ1977 ዓ.ም. ለሕፃናት ክትባት ተኩስ ቆሟል። በሱዳን በ1987 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካርተር አሸማግለው ስድስት ወር ያህል ውጊያው ጋብ ብሎ ሕፃናት ተከትበዋል። በጋዛ እንኳ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ዐሥር ወር የሆነው ሕፃን በፖሊዮ ሽባ ከሆነ በኋላ፥ ለክትባቱ ሲባል በየአካባቢው ለሰዓታት ተኩስ ቆሟል። ባዕድና ባዕድ ለሕፃን ሲሉ ካቆሙ፥ ወንድማማቾች ለራሳቸው ልጅ ማቆም ያቅታቸዋልን?

እነዚህን ከሌሎች እንጠይቃለን። ከራሳችንስ? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ከዚያ በፊት በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በአንድ ቡድን ተሰልፈው በየአገሩ ወጡ። በዚያው በ1947 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የጆናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት እንደሚሠራ ለዓለም ተነገረ። ሰባ ዓመት አለፈ። ክትባቱ ከፓስፊክ ደሴቶች ደርሷል፤ ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከመተማ ካምፕ ግን ገና ነው። ይህ የክትባቱ ጥፋት ነው ወይስ የእኛ?

የዕረፍት ጊዜያችሁን ቆላ አሳልፉ። አረብኛ የምትችል ለስደተኛዋ እናት አስተርጉም፤ ጉሙዝኛ የምትችዪ ለቋራዋ እናት አስረጂ። የጤና ተማሪ ላልሆናችሁም ሥራ አለ፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል ብታዩ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ሽባነቱ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ተወስዶ በበረዶ ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። ከዘገየ ቫይረሱ ማስረጃውን ይዞ ይሰወራል። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና ኅሊና ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ ሰው አስታውሳችኋለሁ። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በባሌ ቆላ ነበር። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ በመርካ የተገኘው አሊ ማው ማሊን ነው። የሆስፒታል ሠራተኛ ነበር፤ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ዳነ። ከዚያ በኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት ተሰልፎ፥ የራሱን ታሪክ ለእናቶች እየነገረ ልጆች ሲያስከትብ ኖረ፤ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በ2005 ዓ.ም. በወባ ሞተ። አንድ ጊዜ ፈርቶ ቀረ፤ ለቀረበት ግን ሕይወቱን ሙሉ ካሠ።

እኛም አንድ ጊዜ ስቀናል። የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ አሁንም ከዳሱ ሥር አፈር ላይ ይጫወታል። ጣቱ ቀለም የለውም። የማን ልጅ ነው? መዝገቡ «የማንም» ይላል። ይህ ማኅበር ግን «የእኛ ነው» ካላለ፥ ስለ ሕዝብ የምንጽፈው ሁሉ ወረቀት ማበላሸት ነው።

የቆላው ልጅ